የቀትር ውሃ

ይህን ታሪክ አርያም ናት በቴክስት የጻፈችልኝ። መጨረሻውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። "ፈጠራ ነው" የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው እል ነበር።

ደግሞ ሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ያለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ። ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ጓሮ ውስጥ።

አርያም ኤርፖርት ውስጥ ከእኔ ጋር በጽዳት የምትሠራ ልጅ ናት። ሞፕ እየገፋች መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር የሰማ ሁሉ ስሟን ይጠይቃል። መንገደኛው ድምጿን ሰምቶ ሻንጣውን ይረሳል እያልን እንቀልድባት ነበር።

"ኖ፣ በድምፄ አትምጡብኝ። ሌላ ሀብት የለኝም" ትላለች እየሳቀች።

የምትኖረው እትዬ ኣስካሉ ቤት፣ ቤዝመንት ተከራይታ ነው። እትዬ ኣስካሉ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም። ያላቸው አበባ ብቻ ነው።

ካልጋሪ ውስጥ አበባ ማሳደግ ጣጣ ነው። በሐምሌ እንኳ እንቁላል የሚያህል በረዶ ይወርድና የሦስት ወር ልፋት በአምስት ደቂቃ አፈር ይበላል። ስለዚህ ባላቸው ጋሼ ምሕረትኣብ፣ ሰው ከጣላቸው ወፍራም መስኮቶች ጓሮው ውስጥ ግሪን ሃውስ ሠርተውላቸው ነበር። ጽጌረዳው፣ ዳሊያው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው የሱፍ አበባ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ጋሼ ምሕረትኣብ የሞቱትም እዚያው ነው። አበባ ሲያጠጡ ሙቀት ገደላቸው ተባለ።

እትዬ ኣስካሉ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቱን መስኮት ይከፍቱና ወደ ግሪን ሃውሱ "ምሕረትኣብ..." ብለው ይጣራሉ። ትንሽ ያዳምጣሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ።

አርያም "ሐዘን ነው" ብላ ትታዋለች።

ኤድመንተን ያለች እህታቸው ታማባቸው ሊጠይቋት ሲሄዱ አበባውን ለአርያም አደራ ሰጧት።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ጠዋትና ማታ አጠጪ። ቀትር ላይ ግን እንዳትገቢ።"

"ቅጠሉ እንዳይቃጠል ነው አይደል እትዬ?"

"ቅጠሉም..." አሉና ጨመሩ። "የሚጠራሽ ካለ ደግሞ፣ ሦስት ጊዜ ሳይጠራሽ አቤት አትበይ።"

አርያም ሳቋን ዋጠች። ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ሰምተነዋል። ሰው ከሆነ ሦስቴም ይጠራል፤ ያ ነገር ግን አንዴ ጠርቶ ይጠብቃል። እሺ፣ ካልጋሪ ድረስ በየትኛው ቪዛ ይመጣል?

ቢሆንም አደራ ነውና አከበረችው። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ወደ ጓሮው ዝር አትልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሌሊት አሥር ሰዓት የሚጀምር ሺፍት ስለነበራት ጠዋት አላጠጣችም። ስትመለስ ዳሊያዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ስልኳን አየች። ሰባት ሰዓት ተኩል።

"ቀትር አልፏል" አለች።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ካልጋሪ በሰመር ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች። ፀሐይዋ ላይኛው ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። እናቶቻችን ቀትርን የሚያውቁት በጥላ ነበር። አርያም ያየችው ስልኳን ነው።

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ወጣች። የግሪን ሃውሱን በር ከፍታ እንዳይዘጋ በጡብ ደገፈችው።

ገባች።

እያንጎራጎረች ማጠጣት ጀመረች። አንደኛው ረድፍ... ሁለተኛው ረድፍ...

ቀና ስትል አንድ ነገር ቅር አላት።

የሱፍ አበባ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ፀሐይ ነው። እነዚህ ግን ወደ እሷ ዞረዋል።

ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። ጎንበስ ብላ አጠጣች። ቀና አለች።

አሁንም ወደ እሷ።

"ደክሞኝ ነው..." አለች ለራሷ።

የውሃ ማጠጫውን አየችው። ሁለት ረድፍ አጠጥታበት ጠብታ አልጎደለም። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ያኔ ከበስተኋላዋ...

"አርያም..."

የወንድ ድምፅ። ለስላሳ። የሽማግሌ።

"አቤት!"

አፏ ቀደማት። ትልቅ ሰው ጠርቶን ዝም ብንል በቁንጥጫ ያደግን ልጆች ነን፤ አቤት የሚለው ምላሳችን እንጂ እኛ አይደለንም።

ዞረች። ማንም የለም።

በሩ ተዘግቷል። ጡቡ ወደ ውስጥ ገብቶ እግሯ ስር ተቀምጧል።

በሩን ገፋችው። በትከሻዋ መታችው። የጋሼ ምሕረትኣብ ሥራ ጠንካራ ነው፤ አልተነቃነቀም። መስኮቶቹም የተመረጉ ናቸው። "ክፈቱልኝ!" ልትል አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

እንደገና ሞከረች። ጉሮሮዋ ይንቀሳቀሳል፣ አየሩ ይወጣል... ድምፅ የለም።

በላቦት በደበዘዘው መስታወት በኩል ጎረቤታቸው ጋሼ ደርበው አጥሩ ዘንድ ቆመው አየች። በሁለት እጇ መስታወቱን ደበደበች። ሰውየው ቀና አሉ።

"አርያም ነሽ? ምነው፣ ሰላም ነው?"

አለቀሰች። መስታወቱን በጥፍሯ ቧጠጠች።

ከዚያ ከጀርባዋ፣ ከአበቦቹ መሃል፣ የገዛ ድምጿ መለሰላቸው።

"ሰላም ነው ጋሼ ደርበው! አበባ እያጠጣሁ ነው!"

እየሳቀ።

"በርቺ ልጄ" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

አርያም ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የሱፍ አበቦቹ ሁሉ ቁልቁል እሷን ያያሉ። ድምጿ እሷ ያቋረጠችውን መዝሙር ካቆመችበት አንስቶ ቀጠለ። አንድ ቃል አልሳተም። እሷ እንኳ እንዲህ አሳምራ ዘምራው አታውቅም።

ጋሼ ምሕረትኣብ እዚህ እንደሞቱ ትዝ አላት። ፈራች። በጣም ፈራች።

"ድምፄን ከፈለገ ይውሰደው" አለች በልቧ። "እኔን ብቻ ያውጣኝ..."

በሩ ቀጭ አለ።

ተከፈተ።

ሁለት ስፔሻሊስቶች አይተዋታል። ጉሮሮዋ ደህና ነው ይላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አርያም ቃል አልተነፈሰችም። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከዘማሪዎቹ ጋር መቆም ትታ ከኋላ ትቀመጣለች። ሌሎቹ መዘመር ሲጀምሩ ተነሥታ ትወጣለች፤ እኔም ተከትያት ወጥቼ አብሬያት አለቅሳለሁ።

ኮርነርስቶን ሰፈር፣ እኔ ዘንድ እንድትገባ ወሰንን። ዕቃዋን ልናወጣ ስንሄድ እትዬ ኣስካሉ ተመልሰው ነበር። የሆነውን ማንም አልነገራቸውም። ወጥ ቤት ቆመን ሳለ መስኮቱን ከፈቱ።

"ምሕረትኣብ..."

አዳመጡ።

"ምሕረትኣብ...?"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። አሁንም ዝም።

ቀስ ብለው ወደ አርያም ዞሩ።

"በስንት ሰዓት ገባሽ?"

አርያም ስልኳ ላይ ጻፈችና አሳየቻቸው። ሰባት ተኩል።

"ቀትር እኮ በጥላ ነው ጓለይ..." አሉ በሹክሹክታ። እንባቸው ወረደ። ለእሷ ይሁን ለባላቸው አላወቅኩም። "ስንት ዓመት ሙሉ ይመልስልኝ ነበር..."

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጎንበስ አሉ።

"አርያም..."

አርያም አጠገቤ ናት። እጇን ይዣለሁ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ጓሮው ጸጥ አለ። በመስታወቱ ውስጥ የሱፍ አበቦቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል።

"አቤት!"

እትዬ ኣስካሉ ፈገግ አሉና መስኮቱን ዘጉ።