ድልድዩ ላይ ያለችው ሴትዮ

ዘንዶው በሩ ላይ ተቀረቀረ።

አንዱ ክንፉ ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ፣ አንዱ ክንፉ ከውጭ ቀርቶ፣ እሳት መትፋቱን ግን አላቋረጠም። እንደ ተበላሸ ቧንቧ በየተራ «ፉፍ» ይላል። ሊገድለው የመጣው ጀግና ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይሮጣል። የትም አይደርስም፤ ብቻ ይሮጣል።

«ትልቅ ስለሆነ ነው» አለ ቻርጀር። «በሩን ሳሰፋው ይስተካከላል።»

«መጀመሪያ እንዴት ገባ ታዲያ?» አለች ዳኛ።

ቻርጀር ጭንቅላቱን አከከ። ይኼን አላሰበበትም።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ቻርጀር የሠራው ጌም በተከፈተበት ስክሪን ፊት፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጁን ቻርጀር ያሉት አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ገመድ ስለማይለየውና የትም ሲገባ ከሰው በፊት ሶኬቱን ሰላም ስለሚል ነው። እሷን ዳኛ ይሏታል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «አስተያየት አለኝ» ስትል፣ ከመጨረሻው ወንበር እስከ ፊተኛው «ኡፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጣቶቿ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ቀለም የተበላሹ ስለሆኑ መነጽሯን ወደ ላይ የምትገፋው በእጇ አንጓ ነው።

ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ግምገማ ታቀርባለች። መጽሐፍ ገምግማለች፤ የድራማ ክበቡን ትያትር ገምግማለች፤ አዲሱን የመጸዳጃ ቤት በር ገምግማለች። አንድ ጊዜ የዳይሬክተሩን ንግግር ገምግማ ለአንድ ወር ማይክ ተከልክላለች። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሕግ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ደካማ ጎን፣ ቀጥሎ ጠንካራ ጎን፣ በመጨረሻ ውሳኔ።

የዘንድሮው ውሳኔ ግን ከባድ ነበር። ክበቡ ለትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን አንድ ሥራ መላክ አለበት፤ የክበቡ አስተማሪም «ዳኛ ሰኞ የቻርጀርን ጌም ትገመግማለች። ይላክ ካለች ይላካል፣ አይላክ ካለች ይቀራል» ብለው ተገላግለዋል። የቻርጀር አባት መካኒክ ናቸው። ልጃቸው ሌት ተቀን የሚያፈጥበት ኮምፒውተር ከጌም የተሻለ ሥራ እንዳለው ያምናሉ። «ኤግዚቢሽን ካልገባ፣ ኮምፒውተሩ ጋራዥ ይገባል» ብለውታል።

«እውነቱን ነው የምናገረው» አለችው ፍላሹን ከእጁ ስትቀበል። «ታውቀኛለህ።»

«አውቅሻለሁ» አለ። ዓይኑን ግን ወደ ሶኬቱ አዞረ። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረባት።

ቅዳሜ ከሰዓት በእናቷ ላፕቶፕ ላይ ተቀመጠች። ጌሙ «የጭጋጉ ዘንዶ» ይባላል። ተጫዋቹ ከጦረኛ፣ ከጠንቋይና ከሌባ አንዱን ይመርጣል፤ ተራራ ለተራራ ይዞራል፤ በስተመጨረሻ ዘንዶውን ይገጥማል። ማለትም በሩ ከፈቀደ።

ደካማ ጎኑ ሰልፍ ይዞ መጣ። ፈረሱ ዛፍ ይወጣል። የመንደሩ ሰው በሙሉ አንድ ፊት ነው ያለው፤ ሕፃኑም፣ ባሏ የሞተባትም፣ ቄራ ሠራተኛውም። ንጉሡ ጀግናውን ወደ ጦርነት ከመላኩ በፊት ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩን መዝለል አይቻልም፤ ሲያልቅ «ከላይ እንደገለጽኩት» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ሰይፉ የሚሰበረው ጠላት ሲመቱበት ሳይሆን በር ሲከፍቱ ነው።

ጠንካራ ጎኑ የቱ ጋ እንዳለ ግን ግራ ገባት። ሙዚቃው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ ያሰለቻል። ሰሃን ስታጥብ ግን ያንኑ ዜማ ስታንጎራጉር ራሷን ያዘች። ይኼ ጠንካራ ጎን ነው ደካማ ጎን? ደግሞ እንዲህ የተበላሸ ነገር ከሆነ፣ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነስታ ለምን ተመለሰችበት?

ከዚያ ድልድዩ ጋ ደረሰች።

ድልድዩ መሃል አንዲት ሴትዮ ቆማለች። እንደ መንደሩ ሰዎች አይደለችም፤ የራሷ ፊት አላት። መነጽር አድርጋለች። ጀግናውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አስተያየት አለኝ» አለች። «ጫማህ ከካባህ ጋር አይሄድም። ስትሮጥ ክርንህ የቤት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ያስመስልሃል። ዘንዶ ልገድል ነው ትላለህ፤ ዘንዶው ምን አደረገህ ሲሉህ ግን መልስ የለህም።»

በያንዳንዱ አስተያየት የጀግናው ዕድሜ ይቀንሳል። በመጨረሻው ላይ ጀግናው ዘፍ ብሎ ወደቀ። ሞተ።

ዳኛ ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ ያለ ጠላት አይታ አታውቅም፤ ጦር የላት፣ አስማት የላት፣ በአስተያየት ብቻ የምትገድል! እንደገና ገባች። ሴትዮዋ ጀግናውን አየችው። ከዚያ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች።

በእጇ አንጓ።

የዳኛ ሳቅ መንገድ ላይ ቀረ።

ስታስበው ሁሉም ግልጽ ሆነ። ትላንት ልጆቹ በኮሪደሩ ሲያልፉ «ድልድዩ ጋ ደረስሽ?» እያሉ ለምን እንደተጠቃቀሱ። ቻርጀር ለምን ሶኬት ሶኬቱን እንዳየ። ሙድ ይዞባታል! ያውም በኤግዚቢሽን፣ በማታውቃቸው ትምህርት ቤቶች ፊት! ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። «አይላክ» የሚለውን ከሁሉ በፊት፣ በትልቁ ጻፈች።

እናቷ ይኼኔ ገቡ። ውሃ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ነው የሚሠሩት፤ ቅዳሜያቸውን ግን የሠራተኞች ግምገማ ወስዶባቸዋል። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሶፋው ላይ ተዘረጉ።

«እንዴት ነበር እማ?»

«ጠንካራ ጎን፣ ሰዓት ታከብራለች። ደካማ ጎን፣ ሰዓት በማክበሯ ሌሎቻችንን ታሳጣለች።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«እኔም እሱን ጠየቅኳቸው። ‹ጥያቄ ታበዛለች› የሚል ሌላ ደካማ ጎን ጨመሩልኝ።»

«ራሳቸውንስ አይገመግሙም?»

«ይገመግማሉ እንጂ! ‹ደካማ ጎኔ ከአቅሜ በላይ መሥራቴ ነው› ብሎ ይቀመጣል ሁሉም።» እናቷ ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ። «ይቺ ደግሞ ማናት? አስተያየት አለኝ ትላለች እንዴ? እንዴ… እንዴ!» ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እማ!»

«ይቅርታ የኔ እመቤት። ስለተመሳሰላችሁብኝ ነው።» ደግሞ ትንሽ ሳቁ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ቆይ ግን፣ ድልድዩ ላይ ሰው ሁሉ በእሷ ይገመገማል። እሷንስ ማን ይገመግማታል?»

ዳኛም ጠጋ አለች። ስክሪኑ ሥር ምርጫዎች ተደርድረዋል፤ «ተዋጋ»፣ «ሽሽ»፣ «ይቅርታ ጠይቅ»። እስካሁን ያላየችው አራተኛ ምርጫ ከታች አለ፣ በደቃቅ ፊደል፤ «አንቺስ? በላት»።

ተጫነችው።

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። በአፏ ፊት ሦስት ነጥብ መጣ። ሙዚቃው ቆመ። ፈረሱ ቆመ። የመዳፊቱ ቀስት ሳይቀር ቆመ።

«ላፕቶፔን ገደልሽው» አሉ እናቷ።

እሁድ ጠዋት ጋራዡ ጋ ሄደች። ከአንድ አሮጌ ታክሲ ሥር ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ አለ?»

«ማን ልበል?»

«ዳኛ ነኝ።»

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። «እንዴ፣ ድልድይዋ!» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ስንቴ ገደልሽኝ! አንድ ቀን እንኳ አላሻገርሽኝም እኮ!»

እሳቸውም ተጫውተውታል ማለት ነው። ዳኛ መናደዷን መቀጠል ፈለገች፤ ግን የሆነ ነገር ላላ አለባት። ቻርጀር ከጎማዎቹ ጀርባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለና ሲያያት ሊመለስ ቃጣው።

«ሙድ ይዘህብኛል።»

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«የሚያስፈራ ጠባቂ ፈልጌ ነበር» አለ ጨርቁን እያየ። «ግዙፍ ሰውዬ ሠራሁ፤ አያስፈራም። ተኩላ ሠራሁ፤ ውሻ መሰለ። በኋላ ‹እኔን ራሴን የሚያስፈራኝ ምንድነው?› አልኩ።»

«እኔ?»

«አቦ በክፉ አይደለም! ሌላው ሰው ሥራዬን ሳሳየው ‹አሪፍ ነው› ብሎ ላሽ ይላል። አንቺ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታያለሽ። እያንዳንዷን ነገር ስሠራ ‹ዳኛ ምን ትል ይሆን› እያልኩ ነው።»

ዳኛ ይኼን ስድብ ውስጥ ታስገባው ወይ ምስጋና ውስጥ አላወቀችም። ሁለቱንም ሞከረቻቸው፤ ሁለቱም ልኳ ሆኑ።

«‹አንቺስ?› ስላት ቀጥ አለች» አለች በመጨረሻ። «ሁሉም ነገር ቆመ።»

ቻርጀር ፊቱ ቀላ። «እዚያ ትደርሻለሽ ብዬ አላሰብኩም። ማንም አይደርስም፤ ሁሉም ይሸሻል። አልጨረስኩትም እሱን። ለስንትና ስንት ቀን ተቀምጬበታለሁ። ምን እንደምትመልሺ አላውቅም። ጠይቄሽ አላውቅማ።»

«ጠይቀኛ።»

«አንቺስ?»

አፏን ከፈተች። ስለ ጋራዡ አስተያየት ነበራት። ስለ ጨርቁ አስተያየት ነበራት። ስለ ራሷ ሲሆን ግን፣ እንደ ሴትዮዋ አፏ ፊት ሦስት ነጥብ የቆመ መሰላት። የሆነ ቦታ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። መነጽሯን በእጇ አንጓ ገፋችው፤ ቻርጀር ይኼን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ከፈለግሽ ዛሬውኑ አወጣታለሁ» አለ። «በእሷ ቦታ ድንጋይ አደርጋለሁ።»

«ድንጋይ?»

«የሚንከባለል።»

«እንዳታወጣት!» አለ የታክሲው ሥር። «እኔ ገና አልተሻገርኩም!»

ዳኛ ዞራ ሄደች። ነገ እነግርሃለሁ እንኳ አላለችውም፤ ነገ ምን እንደምትለው አታውቅማ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት አስተማሪው ወረቀቷን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ደካማ ጎን ገጽ ሙሉ፣ ጠንካራ ጎን አንድ መስመር? ይመጣጠን እንጂ ልጄ።»

«የለውማ ቲቸር። ያለው አንዱ ነው።»

«ሙዚቃውስ?»

«ሙዚቃው ላይ አልወሰንኩም።»

ማይኩን ከፈተች። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታያል፤ ቻርጀር ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አጠገብ ቆሟል። ሶኬቱ ውስጥ ምንም አልሰካም። ፈረሱን አነበበች። አንድ ፊት ያለውን መንደር አነበበች። የንጉሡን ንግግር ስታነብ ግቢው በሳቅ ተናወጠ፤ ከፎቅ ላይ የዳይሬክተሩ መስኮት በኃይል ተዘጋ። ዘንዶው ጋ ስትደርስ ቻርጀር አንገቱን ደፋ።

«ጠንካራ ጎን» አለች። ውሃ ጠጣች። «ድልድዩ ላይ ያለችው ሴትዮ።»

መጀመሪያ ፀጥታ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ቀጥሎ ፉጨት። ጆሮዋ ነደደ። ማይኩን አልዘጋችውም። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። «በዚህ ጌም ውስጥ እውነተኛ ሰው የምትመስለው እሷ ብቻ ናት። ስለ ሁሉም ሰው አስተያየት አላት። ሁላችሁም እየሸሻችሁ ነው የምትሞቱት። አትሽሹ፤ ከታች ያለውን ደቃቅ ፊደል አንብቡ። ውሳኔ፣ ይላክ። ግን ዘንዶው ከበሩ ይውጣ።»

ማይኩን ዘጋችው። ወረቀቷን አራት ቦታ አጠፈች። ልክ ሠራች ወይስ ራሷን አዋረደች? ብትጠየቅ ሁለቱንም ትል ነበር።

ትምህርት ሲያልቅ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ቻርጀር ወንበር ለቀቀላት። ስክሪኑ ላይ የኮድ ሰልፍ አለ፤ መሃሉ ላይ ባዶ መስመር፣ በመስመሩ ጫፍ ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን እንጨት።

«እዚህ ጋ ነው የምትመልሰው» አለ። «የፈለግሽውን።»

ዳኛ ጻፈች፤ «ደካማ ጎኔ ከአቅሜ በላይ»… እናቷ ትዝ አሏትና አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፤ አጠፋችው። ረጅም አንድ ጻፈች፤ ቆንጆ ነበር፤ ስታነበው የሌላ ሰው መሰላት፤ አጠፋችው። ቻርጀር እየጠበቀ ገመዱን በጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል።

በመጨረሻ አንድ ቃል ጻፈችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«‹እንጃ›?» አለ ቻርጀር ጎንበስ ብሎ። «ይኼ ብቻ?»

«ለጊዜው።»

ጌሙን አስነሳው። ጀግናው ድልድዩ ጋ ሮጠ፤ ክርኑ እየተወዛወዘ። ሴትዮዋ አስተያየቷን ጀመረች፤ ቻርጀር ከታች ያለውን ደቃቅ ፊደል ተጫነ። ሦስት ነጥብ መጣ። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«እንጃ» አለች ሴትዮዋ። መነጽሯን ገፋ አደረገችና ከመንገዱ ትንሽ ገለል አለች።