የአባቷ አስተርጓሚ

«ምን አለች?» አሉ አባቷ።

ሲቲና ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። ከጠረጴዛው ማዶ የክፍል ኃላፊዋ ማዳም አኬሎ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። አባቷ ጣሂር ደግሞ ለትምህርት ቤት ብለው የለበሱት ኮት ትከሻቸው ላይ ጠቧቸው የልጃቸውን አፍ አፍ ያያሉ። ካምፓላ ገበያ፣ ኪኩቦ ውስጥ ሸራ ጫማ በጅምላ ሲሸጡ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ ተከራክሮ የሚረታቸው የለም። ሆኖም ሉጋንዳቸው ከጫማ ቁጥርና ከዋጋ አያልፍም፤ ማዳም አኬሎም የሰሜን ኡጋንዳ ሰው ስለሆነች የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሲቲና ወላጅ አምጪ በተባለች ቁጥር አስተርጓሚዋም ራሷ ነበረች።

«ጎበዝ ናት አለች» አለች ሲቲና። «በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች ነው የምትለው።»

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሲኒየር ስሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት፣ ሲገቡ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሙያ ትምህርት ይመርጣል። ዘንድሮ ሁሉንም በየተራ ሞክረዋል፤ ስፌቱንም፣ ግብርናውንም፣ ሒሳብ አያያዙንም። ሲቲና ልቧ የቀረው ግን ወርክሾፑ ውስጥ ነው። አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ የሚበራበትን ማብሪያ ማጥፊያ ስትገጥም ደጋግማ ፊውዝ አቃጥላለች፤ ወንዶቹም እስኪበቃቸው ስቀውባታል። በመጨረሻ አምፖሉ ሲበራ የጮኸችው ጩኸት እስከ ቢሮ ተሰምቷል። አባቷ ግን ገና ዱሮ ወስነው ጨርሰዋል። ሱቁ የሚጠብቃት እሷን ስለሆነ ሒሳብ አያያዝ ነው የምትማረው።

ጓደኛዋ ኤዶም ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሮሌክሷን፣ ያቺን በቻፓቲ የተጠቀለለች እንቁላል፣ እየገመጠች መክራታለች።

«አቦ አታካብጂ! አስተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ለአባትሽ ‹ትምህርት ቤቱ ነው የመደበኝ› በያቸው። ለማዳም ደግሞ ‹አባቴ ደስ ብሎታል› በያት። አለቀ! እኔ እማዬን ስንት ዓመት እንደዚህ አይደል የያዝኳት?»

ሲቲናም እሺ ብላ ነው የገባችው።

ማዳም አኬሎ ቀጠለች። «ይህን ለአባትሽ በደንብ ንገሪያቸው። ወርክሾፕ ውስጥ የሚለበሰው ቱታ ነው። ሂጃብሽን ማድረግ ትችያለሽ፣ ግን ጫፉ ቱታው ውስጥ መግባት አለበት። የተንጠለጠለ ጨርቅ ማሽን ይይዘዋል። በእረፍት ወራት ደግሞ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ትለማመዳላችሁ። ከቡድኑ ሴት አንቺ ብቻ ነሽ። መስማማት ያለባቸው ይህን ሁሉ አውቀው ነው።»

ይኸው፣ የሚዘለለው ቦታ ደረሰ። ሲቲና ወደ አባቷ ዞረች። ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውም አብሮ ታያት። ቱታውን ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈራቸው ካባላጋላ፣ የኤዶም እናት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልብሷን እዚያ እየቀየረች፣ የእጇን እድፍ እየፈገፈገች፣ ቤቷ እንደ ሌባ እየተሹለከለከች ትገባለች። ተናደደች። ኤዶም ውጤቷን ስትደብቅ የኖረችው ወድቃ ነው። እሷ አንደኛ ወጥታ የምትደበቀው ምን አጥፍታ ነው?

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቱታውን፣ የሂጃቡን ጫፍ፣ ሕንፃውን፣ ሴት እሷ ብቻ መሆኗን፤ አንድም አላስቀረችም።

የአባቷ ፊት ተለወጠ። «ከወንድ ጋር? ሕንፃ ላይ?» አሉና ጣታቸውን ወደ መምህርቷ ቀሰሩ። «ንገሪያት! ልጄን ያሳደግኳት ግድግዳ ላይ እንድትንጠለጠል አይደለም በያት። ካባላጋላ ያለው ሐበሻ ሁሉ ‹የጣሂር ልጅ ሽቦ ትጎትታለች› እያለ ሲስቅብኝ አልኖርም። ሱቅ አላት፤ ሒሳብ ትማር። ያልኩትን እንዳለ ንገሪያት!»

«እንዳለ?»

«እንዳለ!»

ነገረቻት። ሐበሻው እንደሚስቅባቸው ያሉትን እንኳ አልተወችም። ማዳም አኬሎ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። «ያሳዝናል። እንግዲህ ወላጅ ካልፈቀደ…»

«ገና አልጨረስኩም» አለች ሲቲና። «እስካሁን የተናገረው አባቴ ነው። አሁን የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ።» ወዲያው ወደ አባቷ ዞራ ያንኑ በአማርኛ ደገመችላቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ነገር ለአንዷ በእንግሊዝኛ፣ ለአንዳቸው በአማርኛ እያለች ሄደች።

«ሒሳብ አያያዝ አልመርጥም። ብመደብ እማራለሁ። የምመደበው ግን ሰው ምን ይላል ተብሎ እንደሆነ ሁለታችሁም እወቁልኝ። እኔ የምፈልገው ኤሌክትሪክ ነው። በእሱ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ!» አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ፊት…»

«ይሄንንም ልተርጉምላት?»

አባቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። ማዳም አኬሎ አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ሳቋን በሳል አሳለፈችው። ምርጫው የሚዘጋው ሰኞ ስለሆነ እስከዚያ ቦታውን እንደምትይዝላት ነገረቻቸው። ዛሬ ከሰዓትም ወርክሾፑ ክፍት ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ያመለከቱት ልጆች ይሠራሉ፣ ወላጅም ገብቶ ማየት ይችላል። ሲቲና ይህንንም ተረጎመች። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። ሲቲና አባቷን ሰው ፊት እንደዚያ ተናግራ አታውቅም፤ ፈርታለች። መልሶ ቢመጣ ግን ያንኑ እንደምትናገር ታውቀዋለች። ታክሲ መያዣው ጋ ደረሱ።

«ስለ ሂጃቡ ያለችውን ባትነግሪኝ ኖሮ በምን አውቅ ነበር?» አሉ አባቷ ድንገት ቆም ብለው።

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ?»

«ቱታዬን ሰው ቤት ደብቄ መማር አልፈልግም፣ አባ። የምለብሰው ከሆነ ቤታችን አጥቤ፣ ግቢያችን ገመድ ላይ ነው የማሰጣው። ሐበሻው ሁሉ ይየው።»

አባቷ እንደማያውቋት ሰው አዩዋት። ወዲያው አንድ ታክሲ መጥቶ ጥግ ያዘና ረዳቱ መሀል ከተማውን «ካምፓላ! ካምፓላ!» ብሎ እየጠራ በሩን ከፈተ። አባቷ ገብተው ተቀመጡ። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ግቢ እንጂ። ሱቁ ተዘግቷል እኮ።»

«እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ ወርክሾፑ ጋ እመለሳለሁ።»

«እኔ አልፈቀድኩም!»

«አውቃለሁ» አለች ሲቲና። «‹አባቴ አልፈቀደም› ብዬ ነው የምገባው።»

ረዳቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን አየና ትከሻውን ነቅንቆ በሩን ዘጋው። ሲቲና ታክሲው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ አባቷ በመስኮቱ ዞረው እንዲያዩዋት ፈልጋለች። ካዩዋት በኋላ ዳገቱን ጀመረችው።