ሁለት ሳምንት በቦትስዋና

ደቅሲሳ ሴናን ያወቃት ከሁሩሙ ወደ መቱ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ የያዘችው ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ማሩ ሱሪው ላይ ሲፈስ። ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ያንን ሳቅ ሲከተል ከረመ።

ደቡብ አፍሪካ ስምንት ዓመት ስለ ዱር እንስሳት ተምሮ የተመለሰ መምህር ነው። ለጫጉላቸው ቦትስዋና ሄደው ዝሆን ሊያዩ ከተስማሙ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርታ ዘርግተው ያቅዱ ነበር። እሷ ጣቷን በወንዙ ላይ ታስኬዳለች፤ እሱ ጣቷን ያያል።

ሽማግሌ የተላከው እሑድ ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ጥበቡ ልጁን ከፍ ያደረጉት መስሏቸው፣ «ሴናን ውጭ አገር ሊወስዳት ነው እኮ!» አሉ። የሴና አባት ጋሼ ኪቲላ ፊታቸው ጠቆረ። ታላቋ ልጃቸው ቤይሩት ሄዳ ሳትመለስ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሌላ ቀጠሮ ሳይሰጡ ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው።

ሰኞ ሴና ከሁሩሙ መቱ፣ ደቅሲሳ ቤት መጣች። ካርታው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጋሽ ጥበቡ አበላሹት» አለ ደቅሲሳ። «የሁለት ሳምንት ሽርሽር ነው ማለት ምን ከበዳቸው?»

«እውነት ሁለት ሳምንት ነው? የመመለሻውን ትኬት ለመቼ ቆረጥከው?»

ካርታውን ማጠፍ ጀመረ። ውጭ ባጃጅ እያጓራ አለፈ።

«ማሎ ደቅሲሳ፣ እባክህ ንገረኝ።»

«ክፍት ነው የተውኩት። እዚያ ሥራ ሊያስገባኝ የሚፈልግ ጓደኛ አለኝ። ቦታውን ስታዪው ትወጂዋለሽ ብዬ…»

«ዝሆን አሳይተህ አባቴን ልታስረሳኝ?»

ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗን አይቶ ተወው። ደቡብ አፍሪካ ሳለ መቱ ይናፍቀው ነበር፤ መቱ ከገባ ደግሞ ያ አገር ይናፍቀዋል። የትኛው ቤቱ እንደሆነ አያውቅም። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር። ለእሷ ነገራት።

«ይሄንኑ ለአባቴ ንገረው» ብላ ተነሣች።

ሽማግሌ የላከ ሰው ምላሽ ሳያገኝ የልጅቱን ደጅ አይረግጥም። ደቅሲሳ ግን በማግስቱ ሁሩሙ፣ ጋሼ ኪቲላ ግቢ ውስጥ ቆሞ ተገኘ። ቀፎ እየሠሩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ሽማግሌ አለቀብህ?»

«ጥፋቴን እኔው ልናገር ብዬ ነው። ለጫጉላ ዝሆን ልናይ ሄደን፣ ለሴና ሳልነግራት እዚያው ላስቀራት አስቤ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ዕድሜ ልኬን መቱ እኖራለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ሳልጠይቃት ግን የትም አልወስዳትም። የሁለታችንንም መመለሻ ዛሬ ጠዋት ቆርጫለሁ።»

እጃቸው ቀፎው ላይ ቆመ። ሴና በሩን ተደግፋ ታዳምጣለች።

«ዝሆን ለማየት ይሄን ያህል መንገድ?» አሉ በመጨረሻ። «ያዮ ጫካ ውስጥ ጎሽ አለ እኮ!»

«ጎሹንም አያለሁ አባ» አለች ሴና። «ዝሆኑን ግን ከእሱ ጋር ልየው።»

ጋሼ ኪቲላ ደቅሲሳን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እሑድ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ» አሉ። «ያ ጥበቡ ግን አፉን ዘግቶ ይምጣ።»