ሣሩ ላይ የተነጠፈ አገዳ

አዛውንቱ ኑርዬ ሐይቁ ዳር ውሃው ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ ፀሐይ ገና አልሞቀችም። ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጤዛው የወፈረበት ጥቅምት ነው። በታንኳ ከውሃው በኩል መጥቶ ያገኘው ወንድሙ ሀምዱ ነው። ሰፈሩም ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው፤ ትናንት ሁለቱ ሲጯጯሁ ሁሉም ሰምቷል።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ወልዴ ከሐይቅ ከተማ በእግሩ መጣ። ሰው ሁሉ ሀምዱን ሲያይ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከኑርዬ ቤት በር ጀምሮ ሣሩ አልቆ የሐይቁ ጭቃ እስከሚጀምርበት ድረስ የደረቀ የማሽላ አገዳ እንደ መሰላል በአግድም በአግድም ተነጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ ያስነጠፍኩት» አለች ለተብርሃን። የከተማው ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ የምትሠራ ልጅ ናት። «ፓርኪንሰን ነበረበት። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩን መሬት ይይዘዋል። ባዶ መንገድ ላይ ይገተራል፤ የሚሻገረው ነገር ፊቱ ካለ ግን ይራመዳል። ለንጋቱ ሶላት፣ ለሱብሂ፣ ሐይቁ ድረስ ወርዶ እየታጠበ ኡዱ የሚያደርገው በዚህ ነው፤ ብቻውን።»

«አገዳው ባይኖርስ?»

«ወይ ይቆማል፣ ወይ ደግሞ ቁልቁለት ከሆነ እርምጃው እያጠረ፣ እየፈጠነ ይሄድና ራሱን ማቆም ያቅተዋል።» እንባዋ መጣ። «ትናንት እጁን እያወዛወዘ ሲራመድ ‹አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ወታደር አደረግሽኝ› ብሎ ሲስቅ ነበር።»

ወልዴ አንዱን አገዳ ብድግ አደረገው። ሥሩ ያለው ሣር ለምለም ነው፣ ጤዛም አለበት። አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ ግን ሣሩ በቀጭኑ ገርጥቷል።

ሀምዱን ጠራው።

«ወንድሙን ገፍቶት ነው ይሉሃል።»

«ታንኳውን ሽጠው አልኩት። ‹መራመድ ጀመርኩ፣ መቅዘፍም አይቀርልኝ› አለኝ። ጮህኩበት። ወላሂ፣ አያ ኑርዬን ከምገፋ እኔ ብሰምጥ ይሻለኝ ነበር።»

ወልዴ ወደ ቤት ገባ። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል። በእጁ ነካው፤ ለብ ብሏል።

«እትዬ መሪማ፣ ይሄ ውሃ የምንድን ነው?»

የሟች ሚስት ቀና አለች። «ለኡዱው ነዋ! ባሌ ሞቶ አንተ ማንቆርቆሪያ ትዳብሳለህ?»

ወልዴ ሁሉንም ደጅ ሰበሰባቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰላሀዲንም አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር በጠዋት ምን አመጣህ?»

«ኑርዬ ሲራመድ ለማየት ነበር የመጣሁት። ልጁ ጠሃ ከብሔራዊ ውትድርና የታለፈው አባቱን ደግፎ የሚያስኬድ ሌላ ሰው የለም ተብሎ ነው። አባትየው ብቻውን ከሄደ ጠሃ ይዘምታል። እንደምመጣም ትናንት ነግሬያቸዋለሁ።»

ወልዴ ራሱን ነቀነቀ።

«ኑርዬን የገፋው ሰው የለም። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ የሱ ብቻ ነው፤ እየተቀራረበ፣ ጣቱ እየጠለቀ ውሃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሲወርድ መንገዱ ባዶ ነበር። አገዳው ማታ ተነስቶ ጠዋት የተመለሰ ነው፤ የገረጣው ሣር ሌላ ቦታ፣ አገዳው ሌላ ቦታ። ማን አነሳው? ሞቱን የሚፈልግ ሰው ተመልሶ አይነጥፍለትም። ሀምዱም አይደለም፤ እሱ የመጣው በውሃው በኩል ነው። ኑርዬ ሁልጊዜ የሚታጠበው ሐይቁ ላይ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ውሃ ያሞቀለት ሰው፣ ዛሬ መውረድ እንደማይችል ያውቅ ነበር።»

ጠሃ ዞሮ እናቱን አያት።

«እማ?»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ» አለች መሪማ። «ሊቀመንበሩ ፊት እግሩ እንዲያዝ። ብነግረውማ አይዋሽልኝም፣ ታውቀው የለ። ውሃውን ጥጄ ላሟን ላልብ ወጣሁ፤ ስመለስ መኝታው ባዶ ነው። መንገድ ላይ የተገተረ መሰለኝ። አገዳውን አቅፌ እየነጠፍኩለት ወረድኩ፣ እንደለመደው ተራምዶ እንዲመለስልኝ። ዝም ብዬ ብሮጥ እኮ እደርስበት ነበር! ጭቃው ጋ ስደርስ አየሁት። ያን ጊዜ የኔም እግር እንደሱ ተያዘ።»

ለተብርሃን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሀምዱን ሲሉ ዝም አልኩ» አለች መሪማ። «ፈርቼ ነው። አሁን ውሰደኝ።»

«መጀመሪያ ይቀበር» አለ ወልዴ።

ሰላሀዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «አላህ ይርሀመው። እንግዲህ... የሚደገፍ አባት የለም። ጠሃ ከሚቀጥሉት ዘማቾች ጋር ይሄዳል።»

«ዛሬ ይነገራል ይሄ?» ብሎ ሀምዱ ጮኸበት። ከዚያ ወደ መሪማ ሄዶ መሬት ከተቀመጠችበት ሊያነሳት ክንዷን ያዘ። «ከእስር ስትፈቺ እኔ ቤት ትገቢያለሽ። ተነሽ፣ ጀናዛው ሳይቀበር አይቆይ።»

መሪማ ቆመች። ጠሃን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አንተን ላስቀር ነበር» አለችው። «ሁለታችሁንም ሸኘሁ።»