በቀን የምትተኛዋ ልጅ

ሶረቲ የሌሊት ተረኝነቷን ጨርሳ ከሆስፒታል ስትመለስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁለት እናቶችን አዋልዳለች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም ከማለቷ የጎረቤት ስፒከር አንባረቀ።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በተባለው ሰፈር ውስጥ ተማሪዎች በሚከራዩት በዚያ ግቢ ስድስቱም ክፍሎች በአንድ ኮርኒስ ሥር ናቸው፤ በአንዱ የተወራ በሌላው ይሰማል። ሶረቲ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ መጥታ አዋላጅ ነርስነት የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሌሊት በሆስፒታል ትለማመዳለች። የመውጫ ፈተናዋ ስድስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ሦስት ቀን ታገሠች። በአራተኛው ተነስታ የጎረቤቱን በር ደበደበች።

የከፈተላት ረዥም ቀጭን ልጅ ነበር። በእጁ ደብተር ይዟል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ጥጥ ወትፏል።

ሶረቲ ያዘጋጀችው የቁጣ ቃል ጠፋባት። «አንተም?» አለችው።

ልጁ ከአንዱ ጆሮው ጥጡን አወጣና፣ «ምን አልሽ?» አለ።

ሁለቱም ሳቁ። ስሙ ኤባ ነው፤ ምሕንድስና ይማራል። ስፒከሩ ግን አብሮት የሚኖረው የአክስቱ ልጅ የገላና ነበር። ገላና ከጓደኞቹ ጋር ካርታ እየተጫወተ ቀና ሳይል፣ «ቀን እኮ ነው፣ እህቴ! በቀን ማን ይተኛል?» አላት። ጓደኞቹ አውካኩ። ኤባ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ኤባ ይሸኛታል። ባጃጅ እያለ በእግር ይሄዳሉ። መንገዱ ግን ያጥርባቸዋል።

«ለምን አትናገረውም?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። ግምቢ ወስዳ ያሳደገችኝ የእሱ እናት ናት። በአንድ አልጋ ነው ያደግነው። አንድ ቀን እንኳ ‹ያንተ›፣ ‹የእሱ› ብላን አታውቅም።»

ሶረቲ እጁን ያዘች።

የግቢው ነገር ግን ባሰ። እነገላና፣ ሶረቲ በጄሪካን አመላልሳ በሞላችው በርሜል ውኃ ጫማቸውን አጠቡበት። ከሶረቲ ጋር የምትኖረውን የኑሪያን ልብስ ከገመድ ላይ አውርደው ጭቃ ላይ ጣሉት። ኑሪያ ሻንጣዋን አወጣች።

«ሌላ ቤት እንፈልግ። እነዚህን አንችላቸውም።»

«ምን አጥፍተን ነው እኛ የምንወጣው?» አለች ሶረቲ። ቁጭ ብላ ለቤቱ ባለቤት ለወይዘሮዋ፣ ለአዴ ድርቤ አቤቱታ ጻፈች። በየበሩ ዞራ አስፈረመች። ኤባ ዘንድ ስትደርስ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ግን አልፈረመም።

«የአክስቴ ልጅ ነው፣ ሶረቲ።»

«አባርረው አላልኩህም። ያየኸውን አይቻለሁ በል ነው ያልኩህ።»

እስክሪብቶውን መለሰላት።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እንዳትሸኘኝ» አለችው። በሯን ከዘጋች በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ ድርቤ መጡ። ገላና ቀድሞ ስፒከሩን አጥፍቶ ደብቆ፣ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው። «አከም ጅርቱ፣ ሀርሜ? እንዴት ነዎት፣ እናቴ?» እያለ፣ ለገዛ እናቱ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። «የምን ስፒከር? ይህች ልጅ ጠልታኝ ነው።»

አዴ ድርቤ ወደ ፈረሙት ተማሪዎች ዞሩ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ማንም ባይመሰክርልኝ እኔ እናገራለሁ» አለች ሶረቲ። «ደክሞኝ ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት ብሳሳት ማን ይጠየቃል?»

ይኼኔ ኤባ ከክፍሉ ወጣ። ስፒከሩን በሁለት እጁ ታቅፎ መጥቶ አዴ ድርቤ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ይኸው። ገላና ዋሽቷል። እኔም ዝም ብዬ አብሬው ስዋሽ ነበር።»

ገላና ፊቱ ተለዋወጠ። «ለሴት ብለህ?»

«ለእሷ ብቻ አይደለም። ለአንተም ብዬ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ኑሪያ ቀጠለች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። አዴ ድርቤ ገላናን «እስከ ሰኞ ቤቴን ልቀቅ» አሉት። ገላና ግን ሰኞን አልጠበቀም፤ እየተሳደበ ዕቃውን ጭኖ ጓደኞቹ ዘንድ ሄደ።

ሶረቲ ያን ቀን እንቅልፍ እስክትጠግብ ተኛች። አሥር ሰዓት ላይ ብትወጣ ኤባ ስልኩን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«አክስቴ ደወለች። ‹ልጄን አስባረርክ፤ ደጄን እንዳትረግጥ› አለችኝ።» ቀና አለ። «ነገ ግምቢ እሄዳለሁ። በራሴ አፍ እነግራታለሁ።»

ሶረቲ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔም እመጣለሁ።»

«ብታባርረንስ?»

«ሁለት ሆነን እንባረራለን።»

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ግምቢ ገቡ። ኤባ የአክስቱን በር አንኳኳ። አክስቱ በመስኮት አይተውት መጋረጃውን መለሱት። ፀሐዩ ያቃጥላል። ኤባ እንደገና አንኳኳ። ሶረቲ ከጎኑ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። አክስትየው ሶረቲን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ወደ ኤባ ዞሩ።

«የሰው ልጅ እስከ መቼ ፀሐይ ላይ ታቆማለህ? ይዘሃት ግባ እንጂ!»