ሽቅብ የወጣው ዱካ

እኔ ጂን ምናምን የሚባል ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ጅማ ውስጥ አክስቴ እንዲህ ያለ ወሬ ስትጀምር ተነስቼ እወጣ ነበር፣ ካደግኩም በኋላ የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። የተናደድኩት ባየሁት ነገር ብቻም አይደለም፣ አብሮኝ አይቶ አላየሁም ባለው ሰው ነው። ሰውዬው ባለቤቴ ኑሪ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2020፣ ካምፓላ ውስጥ፣ ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ኑሪ ኦዊኖ ገበያ ልብስ ይሸጣል፣ ያኔ ከምግብ በስተቀር ሌላ መሸጥ ስለተከለከለ ቤት ውሎ ነበር፤ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል ሰው አይጭንም፣ ታክሲ የለም፣ ኪቡሊ ሰፈር ያለችው ግቢያችን ጭር ብላ ነበር። ሥራ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የምሠራው ነው። ማርስን እየዞረች ፎቶ የምታነሳ መንኮራኩር አለች፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ታልፋለች፣ እኔ የድሮውንና የአዲሱን ምስል ጎን ለጎን አድርጌ ምን እንደተለወጠ አያለሁ። አዲስ ናዳ ይኖራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ። ድንጋዩ ሲንከባለል አቧራው ላይ ነጥብ ነጥብ የመሰለ ዱካ ይተዋል፣ መቼም ከላይ ወደ ታች።

ረመዳን ነበር፣ ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት አልቆ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ቆይቶ ገና ማባራቱ ነው። አንድ ሸለቆ እያየሁ ሳለ፣ አዲሱ ምስል ላይ ዱካ አገኘሁ፣ ከሸለቆው ወለል ተነስቶ ተዳፋቱን አጋምሶ የቆመ። መጀመሪያ በራሴ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ጉድጓዱ ጉብታ መስሎ ይታያችኋል፣ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የከፍታውን ካርታ አምጥቼ ደረብኩበት፣ ያው ሽቅብ ነው። ድንጋይ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ታች መገኘት ነበረበት፣ ታች ምንም የለም፣ ላይም ምንም የለም፣ ነጥቦቹ ደግሞ እኩል እኩል ናቸው፣ የሚንከባለል ነገር እንዲህ አይሄድም።

ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከባድ ነገር ትንሽ ተንከባሎ ቆመ።

ኑሪ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ እየጠቀለለ ነበር፣ ከኩሽና ብቅ አለ። "ሰማሽ?"

"ጎረቤት በርሜል እየገፋ ይሆናላ።"

"የምን ጎረቤት? ጂንጃ ከተማ እንደሄዱ መንገድ ተዘግቶባቸው የለ እንዴ።"

ወጥቶ አየ። ግቢው ርጥብ ነው፣ ምንም የለም። ተመልሶ ከኋላዬ ቆመ፣ እኔም ግራ ስለገባኝ ዱካውን አሳየሁት። "ታዲያ እዚህ ጋ ለምን ቆመ?" ብሎ ጫፉን በጣቱ ነካው፣ ጣቱ ላይ ዱቄት ስለነበር ስክሪኑ ላይ ነጭ ምልክት ቀረ።

ድምፁ እንደገና መጣ። አሁን በሩ አጠገብ ነው፣ የብረት በሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን፣ ጥቂት ጠበቅን፣ ማንም አላንኳኳም። ወደ ስክሪኑ ስንመለስ ዱካው የዱቄቱን ምልክት አልፎ ነበር። እኔ አልተናገርኩም። የተናገረው እሱ ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ "ሰዓዳ፣ አልፎታል እኮ" አለኝ።

ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ አያድግም። ለአለቃዬ በቪዲዮ ደወልኩ፣ የራሷን ምስል ከፈተች፣ ተዳፋቱ ንጹሕ ነው። የኔን አሳየኋት፣ የኔም ንጹሕ ሆኗል። "ባለቤቴ አይቷል፣ እሱን ጠይቂው" አልኳት። ኑሪ ገበያ ውስጥ የለመደው እንግሊዝኛ ከኔ ይሻላል፣ ካሜራው ፊት ጎንበስ አለና፣ "እኔ ያየሁት ነገር የለም፣ ጾም ላይ ናት፣ ደክሟታል" አላት።

እሷም አልተቆጣችም፣ እንደ በሽተኛ አባብላ "እረፊ" አለችኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጠችው።

ስልኩ እንደተዘጋ፣ "ለምን?" አልኩት።

"ምን ለምን?"

"አልፎታል አላልክም?"

"አላልኩም" አለና ዱቄቱን ከስክሪኑ ላይ በእጅጌው ጠረገው።

ከዚያ በኋላ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ እየበላን ከረምን፣ እኔ የተናደድኩት ግን በፖሾው አይደለም። ሽማግሌ ፊት ሳይቀር አቀረብኩት፣ አላየሁም አለ፣ ሰዎቹም እኔን በሐዘኔታ አዩኝ። ኦዊኖ ሲከፈት ሸሚዝ ይዞ ቀኑን ሙሉ ወላሂ ሲል የሚውል ሰው፣ "በል እንግዲያው አላየሁም ብለህ ማል" ስለው ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። አልማለም፣ አንድም ቀን። አሁን እብድ ነኝ ብዬ እንኳ እንዳላርፍ አደረገኝ።

በ2022 አለቃዬ ደወለችልኝ፣ መንኮራኩሯ በዚያው ሸለቆ ላይ እንደገና አልፋለች፣ ሰው አጥሯቸዋል፣ ትመለሻለሽ ወይ አለችኝ። እሺ አልኩ። ለኑሪ ስነግረው እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ልብስ እያጠፈ ነበር። እጁ ቆመ።

"ሌላ ቦታ ከሆነ ሥሪ" አለኝ። "እዚያ ግን አትሂጂ።"

አትሂጂ አለኝ እኮ፣ ማርስ ላይ።

"እዚያ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሌለ ምን አስፈራህ? አንዴ እንኳ እውነቱን ንገረኝ፣ ለኔ ብቻ፣ ለማንም አልናገርም።"

የያዘውን ሸሚዝ አስቀምጦ ወጣ። የውጭው የግቢ በር ሲቀረቀር ሰማሁ። በመስኮት ሳየው በሩን በጀርባው ደግፎ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል፣ ከውጭ የሚገፋ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

"ማነው?" አልኩት።

"ማንም" አለኝ፣ እግሩን ግን አላነሳም።

ወጥቼ ገፍትሬው በሩን ብርግድ አድርጌ ከፍቼ ያለውን ነገር አብረን እንድናይ ፈለግኩ። እንደዚያ ፈልጌ፣ ከመስኮቱ ግን አልተንቀሳቀስኩም።