ክዳን ላይ የተጻፈ

በላብራቶሪው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ሞግዚት» ነበር የሚሉት። ለምርምር በጠርሙስ የሚያድጉትን ሴሎች የሚመግበው እሱ ነዋ! ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፣ በየሁለት ቀኑ ምግባቸውን ይቀይራል፤ ጠርሙሱ ሲጠባቸው ለሁለት ጠርሙስ ይከፍላቸዋል። ሠላሳ ሳይሞላው የስንት ሚሊዮን ልጅ አሳዳጊ ሆነ እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ተመራማሪዋ የመጣች ቀን ግን ሳቁ ጠፋበት። እጇን ዘርግታ ሰላም ስትለው ጓንቱን ሳያወልቅ ጨበጣት።

«ከጠርሙሶችህ ጋር አምታታኸኝ እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ። የእሷ ጥያቄ አንድ ነበር። በሴል ውስጥ የካንሰር ዕጢ እንዳይበቅል የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ፤ እነሱ «ዘበኛው» ይሉታል። ቫይረስ ደግሞ ሰርጎ ይገባና በሴሉ ዕቃ የራሱን ዲኤንኤ ያባዛል። ዘበኛው ይህን እያየ ዝም ይላል ወይስ ይከለክላል? ለዚህ ሁለት ዓይነት ሴል ያስፈልጋት ነበር፤ ዘበኛ ያለውና ዘበኛው የተወገደበት። ሁለቱንም የሚያሳድግላት እሱ ነው።

ውጤቱ ጉድ አሰኘ። ዘበኛ ባለበት ጠርሙስ ቫይረሱ ይብስ ተባዛ! ደጋግማ ብትሞክር ያው ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ሐሙስ በትልቁ አዳራሽ እንድታቀርበው ቀን ቆረጠላት፤ ኮንትራቷ የሚታደሰውም በዚሁ ነበር።

«ከሐሙስ በኋላ እናቴ ጋ እወስድሃለሁ» አለችው መስኮቱ ሥር ቆማ። «ምን ብዬ እንደማስተዋውቅህ ግን ገና አላሰብኩም።»

«ሞግዚቴ ነው በያት።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ብዙ አየችው። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሴሎቹ ጥቂቱን በረዶ ቤት ከማስገባቱ በፊት ዘበኛው መኖሩን መረመረ። «ያለው» በተባለው ጠርሙስ ውስጥ ዘበኛ የለም። «የሌለው» በተባለው ውስጥ ግን አለ። ምርመራውን ደገመው። ያው ነው።

የተምታቱበትን ቀን ወዲያው አስታወሰ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስም የሚጻፈው በጠርሙሱ ገላ ላይ ነው፤ ክዳን ይቀያየራላ። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነበር። ያን ቀን ግን ቸኩሎ ክዳኖቹ ላይ ጻፈ። ሁለቱንም ከፍቶ ሳለ እሷ ከኋላው ለመጀመሪያ ጊዜ አቆላምጣ «ሞጊዬ» ብላ ጠራችው። ዞሮ አያት። ሲመለስ የአንዱን ክዳን ለሌላው ከደነ፤ ከዚያ ወዲህ የተባዙት ሴሎች ሁሉ የሌላውን ስም ይዘው አደጉ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ዝም ቢል እናቷ ቤት ይገባል። ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ሙከራውን ይደግመዋል፤ ያኔ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ነገራት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሁለት ዓመቴን?»

«አዎ።»

«ነገን አሳልፈህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ከተናገርሽው በኋላማ መመለሻ የለውም። በእኔ ጥፋት አንቺ ከምትዋረጂ ብትጠዪኝ ይሻለኛል።»

«እሺ፣ ጠላሁህ» አለች። እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ በሰው ፊት ቆማ ውጤቱ ስህተት መሆኑን ተናገረች። የእሱን ስም አላነሳችም፤ «ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። እሱም ኃላፊው ዘንድ ገብቶ ጥፋቱን አመነ፤ ያልተባረረው ሴሎቹን የሚመግብ ሌላ ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። የእሷ ኮንትራት ግን ሳይታደስ ቀረ።

በቀሯት ሦስት ሳምንታት ሙከራውን በትክክለኛው ጠርሙስ ደገመችው። ዘበኛው ባለበት ቫይረሱ እምብዛም አልተባዛም፤ ሁሉም እንደሚጠብቀው። በእነዚያ ሳምንታት ከቁጥር በቀር ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። እሱ ቤቱ ገብቶ ያለቅሳል።

በመጨረሻው ቀን ዕቃዋን ሰብስባ መጣችና «እጅህን» አለችው። የጋዋኑን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበች። በጠርሙስ መጻፊያው ማርከር ክንዱ ላይ ስሟንና ቀኑን ጻፈችበት፤ ጠርሙስ ላይ እንደሚጻፈው፣ የማን እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ።

«ክዳን ላይ አይጻፍም፣ ሞጊዬ» አለችው። ሻንጣዋን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ሴሎቹ መመገቢያቸው ደረሰ። ጀርም እንዳይገባባቸው እጁን አልኮል ሳይረጭ ሊነካቸው አይችልም፤ አልኮል ደግሞ ያን ቀለም ወዲያው ያጠፋዋል። መርጫውን ይዞ ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ረጨ።

ሲገልጥ ጽሑፉ አልተነካም። ትናንት ክርኑ ሥር ለምን እንደጻፈችበት አልገባውም ነበር። እሱ ሁልጊዜ ሳያስተውለው የሚረጨው እስከ እጁ አንጓ ብቻ ነው፤ እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ስታይ ኖራለች።